ለፒያኖ እሹሩሩ መጻፍ፦ በቾፒን መንገድ፣ በ36 ባር

የሙዚቃ አቀናባሪው ፍሬደሪክ ቾፒን «በርሰዝ» (በፈረንሳይኛ እሹሩሩ ማለት ነው፤ ኦፐስ 57) 70 ባር አለው፤ ግራ እጁ ግን ከሞላ ጎደል አንዲት ባር ነው የሚያመላልሰው። ዲ♭ን እንደረገጠ ከቶኒክ (በስኬሉ መነሻ ኖታ ላይ ከተሠራው ኮርድ) ወደ ዶሚናንት (በአምስተኛው ኖታ ላይ ወደተሠራው) ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። በቀኝ እጅ ያለው አራት ባር የሚሆን ዜማ ነው፤ እሱም በየዙሩ ሌላ ጌጥ ለብሶ ይመጣል። ቾፒን በ1843 እና በ1844 ሲሠራው መጀመሪያ የሰጠው ርዕስ «ቫርያንት» ነበር። በ1845 ሲታተም ግን በእሹሩሩነቱ ወጣ።

እሹሩሩ ልጻፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ዜማ ሲፈልግ ይውላል፤ ግራ እጁን የሚያስበው በመጨረሻ ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ግራ እጅ ይሠራል፣ ከዚያ ይቆለፋል፣ ሌላው ሁሉ በላዩ ይገነባል። ከዚህ በታች ያለውን ኖታ በኖታ ተከትላችሁ አንድ ሙሉ ቁራጭ መጨረስ ትችላላችሁ፤ ወይም አጥንቱን ይዛችሁ ዜማውን በራሳችሁ ዜማ ተኩት።

ኖታ ማንበብ መቻል ያስፈልጋል። መሣሪያው ፒያኖ ቢሆን ደስ ይላል፣ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድም ይበቃል። ከታች ዲ♭2፣ ከላይ ኤፍ6 ድረስ ብቻ ነው የምንሄደው። ቁጥሩ ኦክታቩን ያመለክታል፤ የመሣሪያው መሃል ላይ ያለው ሲ «ሲ4» ነው። ♭ ፍላት፣ ♮ ናቹራል ተብሎ ይነበባል።

1. ስኬል እና ምት

ዲ♭ ሜጀር ያዙ። አምስት ፍላት አለው፦ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ። ጀማሪ አምስት ፍላት ሲያይ ይደነግጣል፤ ለእጅ ግን ከሲ ሜጀር ይልቅ ይመቻል። ረጃጅሞቹ ጣቶች በጥቁሮቹ ላይ ይተኛሉ፣ አውራ ጣት በኤፍ እና በሲ ነጮች ላይ ያርፋል፣ እጅ ሳይጨማደድ ይንቀሳቀሳል። ከቾፒን በኋላ ሊስት በ1854፣ ባላኪሬቭም በ1901 በርሰዛቸውን የጻፉት በዚሁ በዲ♭ ነው። ሌላ ስኬል ክልክል አይደለም፤ የግሪግ እሹሩሩ (ኦፐስ 38 ቁጥር 1) በጂ ሜጀር ነው። ከቀየራችሁ ግን እዚህ የተሰጠው የጣት አቀማመጥ አይሠራላችሁም።

ምቱ 6/8 ነው፤ በባር ሁለት ውዝዋዜ፣ እያንዳንዱ ሦስት ስምንተኛ ኖታ። ሜትሮኖሙን በስምንተኛ ኖታ 100 ላይ አድርጉት። በባለ ነጥብ ሩብ ቢቆጠር 33 አካባቢ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሜትሮኖም ከ40 በታች ስለማይወርድ በስምንተኛ መቁጠር ይሻላል። በዚህ ፍጥነት 36ቱ ባር ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ስትቆጥሩ አንድ እና አራት ላይ ዘንበል በሉ። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት ላይ ከረገጣችሁ ባሩ ወደ 3/4 ተለውጦ ቫልስ ይሆናል፣ ውዝዋዜውም ይጠፋል።

2. የግራ እጅ ባር

ሙሉው ባር ይህ ነው፦

ዲ♭3 – ኤፍ3 – ኤ♭3 – ጂ♭3 – ሲ4 – ኤ♭3

ጣት፦ 5 – 3 – 2 – 3 – 1 – 2

ስድስቱም ስምንተኛ ኖታ ናቸው። የመጀመሪያው ዲ♭3 በትንሿ ጣት ተይዞ እስከ ባሩ መጨረሻ ይቆያል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሁለት ድምፅ አድርጋችሁ ጻፉት፤ ከታች አንድ ባለ ነጥብ ግማሽ ኖታ፣ ከላይ ስምንተኛ እረፍት እና አምስት ስምንተኛ ኖታዎች።

የባሩ የመጀመሪያ ግማሽ የዲ♭ ኮርድ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ኤ♭ ሰቨን ሲሆን ቤዙ ግን ከዲ♭ አይነቃነቅም። ሲ4 ሲመታ ከተያዘው ዲ♭3 ጋር ሜጀር ሰቨንዝ ይፈጥራል፤ ለብቻው ቢሰማ ሻካራ ነው። ቀጣዩ ባር ሲገባ ይፈታል። ሙዚቃው የሚወዛወዘው በዚህች ትንሽ ግጭት እና መፍትሔዋ ነው፤ ኖታው ከፍ ዝቅ ማለቱ ብቻውን አይበቃም። ቤዙን ወደ ኤ♭ ብታወርዱት ግጭቱ ይጠፋል፣ የቀረውም ተራ አጃቢ ይሆናል።

እዚህ ላይ ትዝታ ለለመደ ጆሮ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በዲ♭ ላይ የተመሠረተ ሜጀር ትዝታ ዲ♭፣ ኢ♭፣ ኤፍ፣ ኤ♭፣ ቢ♭ ነው፤ ከሙሉው ስኬል የሚጎድሉት ጂ♭ እና ሲ ናቸው። ከላይ ያለውን ባር መልሳችሁ እዩት፤ ሁለተኛውን ውዝዋዜ የሚያሠሩት ሁለቱ ኖታዎች ጂ♭ እና ሲ ናቸው። ቀኝ እጃችሁ ሳይታወቃችሁ ወደ አምስቱ ድምፅ ቢያዘነብል ብዙ አይጎዳም። ግራ እጅ ግን እነዚህን ሁለቱን ካጣ የሮማንቲኩ፣ ማለትም የእነ ቾፒን ሙዚቃ፣ ጠባይ ይጠፋል፣ ቁራጩም በትዝታ ላይ የተደረደረ ኮርድ ሆኖ ይቀራል።

አኮስቲክ ፒያኖ እና ጥሩ ፔዳል ያለው ሰው ሰፊውን አማራጭ መውሰድ ይችላል፦ ዲ♭2 – ኤ♭2 – ኤፍ3 – ጂ♭3 – ኢ♭3 – ሲ3፣ ጣት 5 – 2 – 1 – 2 – 3 – 5። ኤፍ በአውራ ጣት ከተመታ በኋላ ሁለተኛው ጣት በላዩ ተሻግሮ ጂ♭ን ይይዛል። ድምፁ ጠለቅ ያለ ነው፣ ፔዳሉ ግን ይከብዳል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ቀኝ እጅ ሳይገባ ግራውን ብቻ ለሁለት ደቂቃ ያለማቋረጥ ተጫወቱ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አምስተኛው ኖታ ነው። ሲ4ን የሚመታው አውራ ጣት ነው፣ አውራ ጣት ደግሞ በተፈጥሮው ይከብዳል። ሳይታወቅ በየባሩ አምስት ላይ ጉብ ያለ ምት ይወጣል፤ እንኳን ሕፃን፣ የተኛም አዋቂ ይቀሰቅሳል። መፍትሔው አውራ ጣቱን ከላይ አለመጣል ነው። ቁልፉን ቀድሞ በጎኑ ይንካው፣ ከዚያ አንጓው ሳይወርድ ይጫን። በስልክ ቅዱትና ስሙት፤ አምስተኛውን ኖታ ለይታችሁ መስማት ከቻላችሁ ገና ነው።

3. ዜማው

አራት ባር ብቻ ነው። በቁራጩ ውስጥ ከባር 3 እስከ 6 ይቀመጣል፤ ባር 1 እና 2 ግራ እጅ ብቻውን ነው። ቾፒንም መግቢያዎቹን ሁለት ባሮች የጨመራቸው በኋላ ነው። አትዝለሏቸው፤ ሰሚው ዜማ ከመምጣቱ በፊት ውዝዋዜውን መልመድ አለበት።

ባር 3፦ ኤፍ5 (ባለ ነጥብ ሩብ)፣ ኢ♭5 (ሩብ)፣ ጂ♭5 (ስምንተኛ)

ባር 4፦ ኤፍ5 (ሩብ)፣ ዲ♭5 (ስምንተኛ)፣ ሲ5 (ባለ ነጥብ ሩብ)

ባር 5፦ ዲ♭5 (ሩብ)፣ ኤ♭5 (ስምንተኛ)፣ ጂ♭5 (ሩብ)፣ ኢ♭5 (ስምንተኛ)

ባር 6፦ ኢ♭5 (ሩብ)፣ ዲ♭5 (ስምንተኛ)፣ ኤ♭4 (ባለ ነጥብ ሩብ)

የራሳችሁን ዜማ የምትጽፉ ከሆነ ደንቡ ቀላል ነው። በባሩ የመጀመሪያ ግማሽ ከዲ♭፣ ኤፍ እና ኤ♭፣ በሁለተኛው ከኤ♭፣ ሲ፣ ኢ♭ እና ጂ♭ ምረጡ። ከእነዚህ ውጪ የሆነ ኖታ ጠንካራ ምት ላይ ካስገባችሁ በአንድ ደረጃ ወርዶ ይፈታ፤ በባር 6 ኢ♭ ወደ ዲ♭ የሚወርደው እንደዚያ ነው። ስፋቱ ከአንድ ኦክታቭ አይለፍ። የመጨረሻው ኖታ ደግሞ ዲ♭ አይሁን። ዜማው በየአራት ባሩ ቤቱ ከገባ ቁራጩ በየአራት ባሩ ያልቃል፤ በኤ♭ ላይ ሲንጠለጠል ግን ቀጣዩን ዙር ራሱ ይጠራል።

4. አምስቱ ዙሮች

ከባር 7 እስከ 10። ዜማው አይነካም። ከሥሩ ኤ♭4 በቀኝ አውራ ጣት ይጨመራል፤ በየግማሽ ባሩ ሁለተኛ ስምንተኛ ላይ ገብቶ እስከ ግማሹ መጨረሻ ይያዛል። ኤ♭ የተመረጠው በሁለቱም ኮርዶች ውስጥ ስላለ ነው። በባር 10 ሁለተኛ ግማሽ ዜማው ራሱ ኤ♭4 ስለሆነ አጃቢው ዝም ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ሲክስት በሲክስት (ከእያንዳንዱ የዜማ ኖታ ሥር ወደታች ስድስተኛውን ኖታ) መደርደር ይወዳል፤ ያኔ ከጂ♭5 ሥር ቢ♭ ይገባል፣ ኮርዱም ይደበዝዛል። አንድ የማይነቃነቅ ኖታ ይበቃል። ብራምስ በ1892 በኦፐስ 117 ቁጥር 1 የእሹሩሩ ዜማውን በኢ♭ኦች መካከል ደብቆ ያስቀመጠው በዚሁ ዓይነት ብልሃት ነው።

ከባር 11 እስከ 14። ከረጃጅሞቹ ኖታዎች ፊት በግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ትንሽ ጌጥ ኖታ ይግባ፦ ከኤፍ ፊት ኢ♮፣ ከኢ♭ ፊት ዲ♮፣ ከሲ ፊት ቢ♮። ጌጡ ከቤዙ ጋር እኩል ይነሳ፤ ቀድሞ ከተመታ ይንጫጫል። ከሦስት በላይ በአንድ ባር አታስገቡ።

ከባር 15 እስከ 18። አሥራ ስድስተኛ ኖታዎች፣ በግማሽ ባር ስድስት። ቀመሩ፦ ዋናው ኖታ፣ ከላዩ ያለው፣ ዋናው፣ በግማሽ ቶን ከታቹ ያለው፣ ዋናው፣ ከዚያ ዝላይ።

ባር 15፦ ኤፍ ጂ♭ ኤፍ ኢ♮ ኤፍ ኤ♭ | ኢ♭ ኤፍ ኢ♭ ዲ♮ ኢ♭ ጂ♭

ባር 16፦ ኤፍ ጂ♭ ኤፍ ኢ♮ ኤፍ ዲ♭ | ሲ ዲ♭ ሲ ቢ♮ ሲ ኢ♭

ባር 17፦ ዲ♭ ኢ♭ ዲ♭ ሲ ዲ♭ ኤ♭ | ጂ♭ ኤ♭ ጂ♭ ኤፍ ጂ♭ ኢ♭

ባር 18፦ ኢ♭ ኤፍ ኢ♭ ዲ♮ ኢ♭ ዲ♭፣ ከዚያ ኤ♭4 ባለ ነጥብ ሩብ

ሁሉም በኦክታቭ 5 ነው፤ ከቢ♮4 እና ከመጨረሻው ኤ♭4 በቀር። በኖታ አጻጻፍ ላይ ወጥመድ አለ፦ ♮ እስከ ባሩ መጨረሻ ይሠራል። በባር 15 እና 16 ኢ♮ ከተጻፈ በኋላ የሚመጣው ኢ♭፣ በባር 18 ደግሞ ዲ♮ን ተከትሎ የሚመጣው ዲ♭ የ♭ ምልክቱ እንደገና ካልተጻፈ አንባቢው ሁለቱንም ናቹራል አድርጎ ይጫወታል።

ከባር 19 እስከ 22። ይህ የቁራጩ ጫፍ ነው፣ ጫፍ ቢባልም ከሜዞ ፒያኖ (መጠነኛ ለስላሳ ድምፅ) አይበልጥም። ባር 19 ከኤፍ6 ጀምሮ ቁልፍ ሳይዘል በግማሽ ቶን የሚወርድ መስመር ነው። ከኤፍ6 እስከ ጂ♭5 ልክ 12 ኖታ ስለሆነ ባሩን ሞልቶ በባር 20 መጀመሪያ ኤፍ5 ላይ ያርፋል፤ ሂሳቡን እናንተ ማስተካከል የለባችሁም። ባር 20 የባር 16 ግልባጭ ይሁን። ባር 21 ከዲ♭6 ተነስቶ በዚያው መንገድ እስከ ዲ♮5 ይወርዳል፤ ባር 22 ዲ♭5 ከዚያ ኤ♭4፣ ሁለቱም ባለ ነጥብ ሩብ። ጣት፦ ጥቁር ሁሉ በ3፣ ኤፍ እና ሲ በ2፣ የቀሩት ነጮች በ1። መስመሩ ከላይ ሲጀምር ጎላ ብሎ እየወረደ ይሳሳ። በተቃራኒው እየጎላ ከወረደ የፈሰሰ ባልዲ ይመስላል።

ከባር 23 እስከ 26 መቀዝቀዝ ነው። በእያንዳንዱ ግማሽ ባር ስምንተኛ እረፍት፣ ከዚያ አንድ ሩብ ኖታ፦ ኤፍ5፣ ኢ♭5፤ ኤፍ5፣ ሲ5፤ ኤ♭5፣ ጂ♭5፤ ዲ♭5፣ ኤ♭4። ዜማው ከቤዙ ኋላ ቀርቶ ይሄዳል።

5. አንዲቷ ለውጥ

እስከዚህ ድረስ ግራ እጅ 26 ባር ሳይለወጥ ሄዷል። በመሃል «ሰለቸ» ብሎ አንድ ኮርድ የለወጠ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው፤ የሚቀጥለው ለውጥ የሚሰማው ከዚያ በፊት ምንም ስላልተለወጠ ነው። ቾፒን በ70 ባሩ ውስጥ ሲ♭ን ያስገባው ባር 55 ላይ ነው፤ ከአራት እጅ ሦስቱ ካለፈ በኋላ። እኛም በ36ቱ ውስጥ ባር 27 ላይ እናስገባታለን።

ግራ እጅ፣ ባር 27 እና 28፦ ዲ♭3 – ኤፍ3 – ኤ♭3 – ኤፍ3 – ሲ♭4 – ኤ♭3

ባር 29፦ ዲ♭3 – ጂ♭3 – ቢ♭3 – ጂ♭3 – ዲ♭4 – ቢ♭3

ባር 30፦ እንደ 29፣ ቢ♭ ሁሉ ቢ♭♭ ይሁን (በቁልፍ ነጩ ኤ)

ቀኝ እጅ፦ ባር 27 ኤ♭5 እና ኤፍ5፣ ባለ ነጥብ ሩብ። ባር 28 ኤፍ5 ሩብ፣ ኢ♭5 ስምንተኛ፣ ሲ♭5 ባለ ነጥብ ሩብ። ባር 29 ቢ♭4 እና ዲ♭5፣ ባለ ነጥብ ሩብ። ባር 30 ቢ♭♭4 ባሩን ሙሉ።

ሲ♭ የዲ♭ን ኮርድ ወደ ሰቨን ይለውጠውና ወደ ጂ♭ ይገፋዋል። ቢ♭♭ ደግሞ ጂ♭ን ማይነር ያደርገዋል። በሁለቱም ጊዜ ቤዙ ዲ♭ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሲ♭ን በቢ♮፣ ቢ♭♭ን በኤ♮ መጻፍ ለእጅ ለውጥ የለውም፣ ለዓይን ግን ይለያል። ሲ♭ ወደ ቢ♭፣ ቢ♭♭ ወደ ኤ♭ እንደሚወርዱ አንባቢው ከአጻጻፉ ማየት አለበት። ስለዚህ ባር 31 ላይ ዜማው በኤፍ5 ሲመለስ ከሥሩ ኤ♭4 ያዙ፤ ያለዚያ ቢ♭♭ ሳይፈታ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሰፊውን ግራ እጅ የያዛችሁ በባር 27 እና 28 ሁለተኛ ግማሽ ኤ♭3 – ኤፍ3 – ሲ♭3፤ በባር 29 ዲ♭2 – ቢ♭2 – ጂ♭3 – ቢ♭3 – ጂ♭3 – ዲ♭3።

6. አጨራረስ

ከባር 31 እስከ 34 ዜማው ያለ ጌጥ ይመለሳል፣ ግራ እጅ ወደ መጀመሪያው ባር። ባር 34 ሁለተኛ ግማሽ ላይ ግን በኤ♭4 ፋንታ ሲ5 ይግባ። ባር 35፦ ቀኝ ዲ♭5 ባሩን ሙሉ፣ ግራ ዲ♭3 – ኤፍ3 – ኤ♭3 – ኤፍ3 – ኤ♭3 – ኤፍ3። ባር 36፦ ግራ ዲ♭2 እና ኤ♭2፣ ቀኝ ኤፍ4 እና ዲ♭5፣ ከላዩ ፌርማታ (ኖታው ከልኩ በላይ ይቆይ የሚል ምልክት)።

መዘግየት ከባር 34 መሃል ጀምሮ ብቻ፣ እሱም ጥቂት። ከባር 31 ጀምሮ የሚጎተት ቁራጭ ሰሚውን «አለቀ? አላለቀም?» እያስባለ ያነቃዋል። ክፍት መጨረሻ የሚወድ ሰው ሹማንን ይመልከት፤ በ1838 በጻፈው ኦፐስ 15 ቁጥር 12 ላይ፣ ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው በሚለው፣ ቁራጩ በኢ ማይነር ተጀምሮ በኤ ማይነር ኮርድ ላይ ይቆማል። ወደ ቤቱ አይመለስም። በእኛ ቁራጭ ይህን ለመሞከር ባር 35 እና 36ን ጥላችሁ፣ ባር 34ን እንደ ባር 6 በኤ♭4 ጨርሱ።

7. ፔዳል እና እጅ

በጠባቡ አማራጭ (በመጀመሪያው የግራ እጅ ባር) ፔዳሉ በባር ሁለት ጊዜ፣ አንድ እና አራት ላይ ይቀየራል። እግር የሚነሳው ኖታው ሲመታ ነው፣ የሚረግጠው ወዲያው ከተመታ በኋላ። ዲ♭3 በጣት ስለተያዘ ፔዳሉ ሲነሳ አይቋረጥም።

በሰፊው ግን ዲ♭2ን በጣት መያዝ አይቻልም። አራት ላይ ፔዳሉን ሙሉ ካነሳችሁ ቤዙ ይሞታል፤ ካላነሳችሁ ኤፍ3 እና ጂ♭3 ተደራርበው ይጎመዝዛሉ። መፍትሔው ግማሽ ለውጥ ነው፦ እግርን ጥቂት ብቻ ፈጥኖ አንስቶ መመለስ። ወፍራሙ የቤዝ ክር ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ በአጭር ንክኪ አይጠፋም፣ ቀጫጭኖቹ ግን ይጠራሉ። ርካሽ የኪቦርድ ፔዳል ብዙ ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ስለሆነ ይህን አይችልም፤ እንዲያ ከሆነ ጠባቡን ተጫወቱ።

የግራውን ፔዳል፣ ማለትም ድምፅ ማለስለሻውን፣ ከመጀመሪያ አትርገጡ። በግራንድ ፒያኖ መዶሻዎቹን ወደ ጎን ስለሚያንሸራትት የድምፁን ቀለም ጭምር ይቀይራል። ለባር 30 አስቀምጡት፣ እስከ መጨረሻው ይቆይ።

ቀኝ እጅ በጌጦቹ ላይ ጥቂት ሊዘገይ፣ በወራጁ መስመር ላይ ጥቂት ሊፈጥን ይችላል። ግራው አይከተለው። አብሮ ከተለጠጠ ውዝዋዜው ይሰበራል። ለልምምድ ቀኝ እጁን ብቻ እየተጫወታችሁ ግራውን በሜትሮኖም ተኩት፣ ከዚያ ሜትሮኖሙን አጥፍታችሁ ሁለቱን አገናኙ።

8. ወደ ንጹሕ ኖታ

በሙዝስኮር (የኖታ መጻፊያ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የምትጽፉ ከሆነ ባር 1ን በሁለት ድምፅ ከጻፋችሁ በኋላ መርጣችሁ «አር» ቁልፍን ደጋግሙ፤ እስከ ባር 26 ይገለብጥላችኋል፣ ባር 31 እስከ 34ንም እንዲሁ። ባር 19 እና 21 ላይ ፕሮግራሙ አንዳንዱን ኖታ በሻርፕ ሊጽፍ ስለሚችል እየፈተሻችሁ ወደ ፍላት ወይም ናቹራል ቀይሩት። የስለር መስመሮችን (ኖታዎች ተያይዘው እንዲሰሙ የሚያመለክቱትን ቅስቶች) በአራት አራት ባር አድርጉ፣ በየባሩ አትቆራርጧቸው። የጣት ቁጥር በግራ እጅ ላይ በባር 1፣ 27 እና 29 ብቻ ይጻፍ፤ ሌላው ቦታ ወረቀቱን ከማጨናነቅ ውጪ ጥቅም የለውም።